የሱቄን አሮጌ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11 ልጫንበት ወይስ ባለበት ይቆይ?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ አነስተኛ የኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት አለኝ። ሥራው ሁሉ የቆመው በአንድ ዴስክቶፕ ላይ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020፣ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 4590፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ። ያገለገለ ነው የገዛሁት። ዊንዶውስ 10 ነው ያለበት። ጠዋት አብርቼው ሱቁን እጠርጋለሁ፣ ጠረጴዛ እወለውላለሁ፣ ሻይ አዝዤ እመለሳለሁ፤ ገና ሲነሳ አገኘዋለሁ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ወደ 11 ላሳድገው ብል ደግሞ ኮምፒውተሩ መስፈርቱን አያሟላም ይለኛል።

ጭንቀቴ የዊንዶው ብቻ አይደለም። በውስጡ የደንበኞች ማመልከቻና ውል አለ፤ አብዛኛው ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፈ ነው። እህቴ ደግሞ የሦስት ትናንሽ ድርጅቶችን ሂሳብ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ትይዝበታለች። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ባለሙያ ቫይረስ ላጥፋ ብሎ ሳይጠይቀኝ ፎርማት አደረገው። የሟች አባቴ ፎቶዎች ያኔ ሄዱ። ስለዚህ አሁን ለማንም አልሰጥም፤ ራሴ ነኝ የምሠራው። ዊንዶውስ 11ን እንደምንም ልጫን? ባለበት ልተወው? ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

(ውይይቱ ስለረዘመ፣ ዘግይቶ ለሚገባ እንዲቀለው የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ።)

1ኛ መልስ። የመጀመሪያው በጥገና ሥራ ላይ ያለ ልጅ ነው። በትሕትና ነው የጀመረው። ኮምፒውተሩ የተከለከለበትን ምክንያት አስረዳኝ። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ በእኔ ማሽን ላይ ያለው 1.2 ነው። ኢንቴል ከሆነ ፕሮሰሰሩ በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ የእኔ 4ኛ ነው። ከዚያ ያልጠየቅኩትን ነገረኝ። ሻይ አዝዤ እስክመለስ የሚያስጠብቀኝ ዊንዶው ሳይሆን የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው አለ። ሌላውን ሁሉ ከማሰቤ በፊት ኤስኤስዲ የሚባለውን፣ የሚሽከረከር ክፍል የሌለውን ፈጣን ዲስክ እንድገዛ መከረኝ።

2ኛ መልስ። ይሄኛው ቸኩሏል። ሩፈስ የምትባል ነጻ ፕሮግራም አለች፤ የዊንዶውስ 11ን ፋይል ወደ ፍላሽ ስታወጣ የቲፒኤም ምርመራውን እንዲዘለው የምትመርጥበት ቦታ አላት፤ በ10 ደቂቃ ያልቃል፤ እሱ በ3ኛ ትውልድ ማሽን ላይ ጭኖ እየሠራበት ነው።

3ኛ መልስ። እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው 2ኛውን ግማሹን ብቻ ነው የተናገርከው ብሎ ያዘው። መጫኑ ይጫናል። ግን ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ማሽን ዝማኔ (አፕዴት) ለመስጠት ዋስትና አይገባም። በየዓመቱ የሚወጣው ትልቁ እትምም ብዙ ጊዜ በራሱ አይመጣም፤ በፍላሽ እንደገና መድከም አለ። ሌላም ጨመረ። ከ24ኤች2 እትም ጀምሮ ዊንዶውስ 11 ፖፕካውንትና ኤስኤስኢ 4.2 የሚባሉ የፕሮሰሰር ትእዛዞችን ግድ ይላል። ኮር ቱ ዱዎ በሚባለው የድሮ ፕሮሰሰር ላይ ሩፈስም ምንም አያደርግም፤ ማሽኑ ጭራሽ አይነሳም። የእኔ አይ5 ትእዛዞቹ አሉት። ሆኖም ይህንን የሚያነብ ሁሉ የእኔ ዓይነት ማሽን የለውም፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነበር።

4ኛ መልስ። 2ኛው ተመልሶ መጣ። አላኮረፈም። ትልቁ እትም በራሱ እንዳልመጣለት አመነ፤ ወርሃዊው የደህንነት ዝማኔ ግን እስካሁን ሳይቋረጥ እየደረሰው ነው።

5ኛ መልስ። ከቨርጂኒያ የጻፈ ወንድም ነው። በአጭሩ፣ ከ10 ዓመት በላይ የሆነውን ዕቃ ጣለው፤ አዲስ ግዛ፤ ጊዜህም ገንዘብ ነው።

6ኛ መልስ። ከደሴ የጻፈች እህት አልማረችውም። አንድ ቤት እያበላ ያለን ዕቃ ጣለው ማለት ቀላል የሚሆነው ለጣይ ነው አለች። እዚህ የአዲስ ኮምፒውተር ዋጋ ከዶላሩ ጋር እንደሚወጣ፣ የኮፒ ቤት ገቢ ግን ከዶላሩ ጋር እንደማይወጣ አስታወሰችው። ቃሏ ጠንከር ይላል። ግን ልክ ናት።

7ኛ መልስ። በመሃል አንድ የረጋ ሰው ገባ። ዊንዶውስ 10 ላይ መቆየት ለሚፈልግ ሕጋዊ መንገድ እንዳለ የነገረኝ እሱ ነው። ማይክሮሶፍት ለግለሰብ ተጠቃሚዎች የደህንነት ዝማኔውን በአንድ ዓመት አራዝሟል፤ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ይደርሳል። ክፍያው 30 ዶላር ነው። ነገር ግን በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ቅንብር ወደ ክላውድ እንዲቀመጥ የፈቀደ ሰው ሳይከፍል ይመዘገባል። መጀመሪያ ዊንዶውሱ 22ኤች2 የሚባለው የመጨረሻው እትም ላይ መድረስ አለበት። መመዝገቢያው አፕዴት የሚለው ገጽ ላይ ይገኛል። እኔ ይህንን አላውቅም ነበር። አንድ ዓመት ለማሰብ ብዙ ነው።

8ኛ መልስ። የቨርጂኒያው ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ። የደሴዋን እህት በስም ጠርቶ፣ እውነትሽን ነው አላት። የእሱም እናት ጎንደር ውስጥ እሱ የላከላቸውን አሮጌ ዴስክቶፕ ይዘው የልጅ ልጆቻቸውን በቪዲዮ እንደሚያዩበት ጻፈ። እሷም ቸር ያሰማን ብላ ዘጋችው። ደስ ያለኝ ቦታ ነው።

9ኛ መልስ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ጥያቄያቸው ከርዕሱ የራቀ መስሎ ነበር። የእሳቸው ኮምፒውተር ባጠፉትና ባበሩት ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ብሮውዘሩም ድረ ገጽ ሁሉ አደገኛ ነው እያለ አይከፍትላቸውም። አንድ ሱቅ ዊንዶው ይቀየር ብሏቸዋል፤ ይቀየር ወይ?

10ኛ መልስ። 1ኛው ባለሙያ ነው የመለሰላቸው፤ በአንቱታ፣ ቀስ አድርጎ። ዊንዶው መቀየር አያስፈልግም። ማዘርቦርዱ ላይ የሳንቲም መልክ ያላት፣ ሲአር2032 የምትባል ባትሪ አለች። ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ሲነቀል ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት። ስታልቅ ቀኑ ይጠፋል። የድረ ገጽ የደህንነት ሰርተፍኬት ደግሞ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል ገደብ አለው፤ ኮምፒውተሩ 2013 ላይ ነኝ ካለ ሰርተፍኬቱ ገና ያልተወለደ ይሆንበታል።

ይህን እንዳነበብኩ ሱቁን ዘግቼ የራሴን ኮምፒውተር ሳጥን ከፈትኩት። አቧራው የፋኑን ምላጮች በጥጥ እንደተሸፈኑ አስመስሏቸዋል። የዘይት ቀለም ብሩሽ አምጥቼ፣ ፋኑን በጣቴ ይዤ እንዳይሽከረከር አድርጌ፣ ቀስ ብዬ ጠረግኩት። ባትሪዋ ከራሙ ሥር ተቀምጣለች። እሷንም አብሬ ቀየርኳት።

11ኛ እና 12ኛ መልስ። ክርክር ነው። 11ኛው ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ካቋረጥከው ዝማኔ ለምንህ ነው አለ። 12ኛው ተቆጣ። ኮፒ ቤት ማለት በቀን ስንት ሰው ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ መሆኑን ረስተሃል አለው። ፎልደሩን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚቀይረው ቫይረስ በኢንተርኔት አይደለም የሚመጣው፤ ከደንበኛ ኪስ ነው። ደግሞ የዋናክራይን ነገር አነሳ። በ2017 እ.ኤ.አ. ግንቦት ወር ላይ ከ150 በላይ አገሮችን የመታው ያ ቫይረስ የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት፣ ደፍኖት ነበር። የተጎዱት ዝማኔውን ያልጫኑት ናቸው። አንዱ ማሽን ከተያዘ በኋላ በውስጥ ኔትወርክ ወደ ሌላው ይዛመታል። አነጋገሩ ሸካራ ቢሆንም እኔ ከ12ኛው ጋር ነኝ። ፍላሽ ሳልመረምር የከፈትኩበት ቀን ብዙ ነው።

13ኛ መልስ። ከሁሉ የጠቀመኝ ይሄ ነው። የጻፈችው የሂሳብ ባለሙያ ናት። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ስለ ዊንዶው ሲያወራ ስለ ፒችትሪው አንድም ሰው አለመጠየቁ እንደገረማት ጽፋ ጀመረች። ከዚያ ወደ ሥራው ገባች።

ፒችትሪ ብቻውን አይደለም፤ ፐርቫሲቭ የሚባል የዳታቤዝ ሞተር ከጀርባው ይሠራል። አሮጌ እትም አዲስ ዊንዶው ላይ ሲጫን ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ይሄ ሞተር ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ሳይነካ በፊት ሦስት ነገር በእጄ መኖሩን እንዳረጋግጥ አዘዘችኝ። የመጫኛው ሲዲ ወይም ፋይል፣ የመለያ ቁጥሩ፣ የእያንዳንዱ ድርጅት ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ)። ባክአፑ ፒቲቢ የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል ነው። በአዲስ እትም የወጣ ባክአፕ በአሮጌ እትም እንደማይመለስም አስጠነቀቀች።

ቀጥላ ያለችውን እህቴ ወረቀት ላይ ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። ባክአፕ ወጣ ማለት ባክአፕ አለ ማለት አይደለም። ከመጀመርህ በፊት የየድርጅቱን ትራያል ባላንስ፣ ማለትም የሁሉንም ሂሳቦች ቀሪ የሚያሳየውን ዝርዝር፣ አትመህ አስቀምጥ። ባክአፑን ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሰህ ክፈት፤ እንደገና አትም፤ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገህ እስከ ሳንቲሙ አስተያይ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ይህንን በሰኔ መጨረሻ እንዳላደርግም መከረች፤ ያኔ የሂሳብ ሰው ትንፋሽ የለውም።

14ኛ መልስ። በዊንዶው ፈንታ የሚጫነው የሊኑክስ ወዳጅ ነው። ሊኑክስ ሚንትን፣ በተለይ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ እትም መከረ። ነጻ ነው፣ 4 ጊጋ ራም ይበቃዋል፣ ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ አለው። ሳይጫን ከፍላሽ ላይ አስነስቶ መሞከርም ይቻላል። ለአማርኛ፣ አይባስ በሚባለው የኪቦርድ መቀየሪያ ላይ ኤም17ኤን የሚባለውን ጥቅል ጨምሮ ሰራ የሚለውን የአጻጻፍ ስልት መምረጥ ነው፤ በላቲን ሆሄ ሲጻፍ በግዕዝ ይወጣል።

15ኛ መልስ። 13ኛዋ እህት ናት። አጭር ናት፤ ትንሽም ተናድዳለች። ፒችትሪ ሊኑክስ ላይ አይጫንም። የዊንዶው ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስነሳው በዋይን በኩል ይሞከራል የሚል ሰው ካለ በራሱ ሂሳብ ይሞክር፤ ግብር በሚከፈልበት ሂሳብ ሙከራ የለም።

16ኛ መልስ። የሊኑክሱ ልጅ ተቀበላት። አሮጌ ዊንዶው በቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር በሚሠራ ፕሮግራም) ውስጥ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ለፒችትሪ ብቻ ማስቀመጥ እንደሚቻል ጨመረ። ለዚያ ግን 4 ጊጋ ራም እንደማይበቃ እሱ ራሱ ተናገረ።

ከ17ኛ እስከ 20ኛ። ወሬው ወደ ፓወር ግዕዝ ሄደ፤ ከኮምፒውተሩ ራቅን። አንዱ የዛሬ 15 ዓመት የጻፈው ሰነድ አዲስ ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ እንደሚታየው አማረረ። ሌላው ምክንያቱን አብራራ። በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው። ፎንቱ ከሌለ ከሥር ያለው ላቲን ይወጣል። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር ወደሚሰጠው መስፈርት፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ.፣ በእትም 3.0 ነው፤ ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የሚባለውን ፊደል ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ የትም ይከፈታል። 19ኛው በሻከረ ቃል፣ እስከ ዛሬ በድሮው ፎንት የሚጽፍ ሰው የሰውን ሰነድ እያበላሸ ነው አለ። 20ኛዋ ጸሐፊ ናት፤ 20 ዓመት በጽሕፈት ሥራ የቆየች። ጣቷ የለመደውን ቁልፍ በአንድ ቀን እንደማይረሳ ነገረችው። ፓወር ግዕዝ ራሱ የዩኒኮድ ፎንት እንዳለውም አረመችው። ሰነዱን ከፍቶ የፎንቱን ስም ማየት ይበቃል፤ ስሙ ላይ ዩኒኮድ የሚል ካለ ችግር የለም፤ ግዕዝ-1 የሚል ከሆነ ግን የድሮው ነው። የድሮዎቹን ቢያንስ ፒዲኤፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ፊደሉ ከሰነዱ ጋር አብሮ ይቀመጣል።

ይሄ ክርክር ከርዕሱ ወጣ ያለ ቢመስልም ለእኔ ዋናው ነበር። በማግስቱ 60 የሚሆኑ የውል ቅጾችን ፒዲኤፍ አደረግኩ።

21ኛ መልስ። መብራት። ከአዳማ የጻፈ ሰው፣ ዊንዶው እየተጫነ መብራት ቢጠፋ ብዙ ጊዜ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ባዮስ (ኮምፒውተሩን መጀመሪያ የሚያስነሳው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) እየታደሰ መብራት ከጠፋ ግን ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል አለ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ) ከሌለህ ባዮሱን አትንካ፤ ዩፒኤስ ካለህም ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ መጀመሪያ ነቅለህ ሞክር።

22ኛ መልስ። የእኔ ነው። የደረስኩበትን ጻፍኩ። ዊንዶውስ 11ን አልጫንኩም። 240 ጊጋ ኤስኤስዲ ገዛሁ። ራሙን 8 አደረስኩት። እህቴ ትራያል ባላንሱን አትማ፣ ባክአፑን በጓደኛዋ ላፕቶፕ ላይ መልሳ አስተያየችው። ከዚያ አሮጌውን ዲስክ እንዳለ ወደ ኤስኤስዲው ክሎን አደረግኩት፤ ፎርማት የሚባል ነገር አልነበረም። ማሽኑ ሲነሳ ሻይ ለማዘዝ ጊዜ የለኝም። ለተራዘመው ዝማኔም ተመዘገብኩ። እስከ ጥቅምት 2019 ድረስ ለፒችትሪው ያገለገለ 8ኛ ትውልድ ማሽን እፈልጋለሁ፤ ይሄኛው ያኔ ሚንት ተጭኖበት የጽሕፈት ብቻ ይሆናል። አሮጌውን ዲስክ በላስቲክ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ እንዳስቀመጥኩትም ጻፍኩ።

23ኛ መልስ። 12ኛው ነው፤ ቁጣው በርዷል። በመሳቢያ ያለ አሮጌ ዲስክ ባክአፕ አይባልም፤ አንድ ቀን ሳይናገር ይሞታል፤ ሌላ ቦታ ሁለተኛ ቅጂ ይኑርህ አለኝ። ሰማሁት። አሁን አንድ ቅጂ እህቴ ቤት አለ።

24ኛ መልስ። 1ኛው ባለሙያ እንደገና። የመነሻውን ጽሑፍ መልሶ አንብቦት ኖሯል። የአባቴ ፎቶዎች የጠፉት በዚያው ዲስክ ላይ እንደሆነ ጠየቀኝ። በፈጣኑ መንገድ ፎርማት የተደረገ ሃርድ ዲስክ ላይ የፋይሉ ማውጫ ነው የሚጠፋው፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ፋይሉ እዚያው ይቆያል። ሁለት ዓመት ስለሠራህበት ብዙው ተደምስሷል፤ ሁሉም ግን ላይሆን ይችላል። ኤስኤስዲ ቢሆን ተስፋው የመነመነ ነበር፤ እሱ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ያጸዳል። ፎቶሬክ የምትባል ነጻ ፕሮግራም ስም ሰጠኝ። የምታወጣውን ወደዚያው ዲስክ ሳይሆን ወደ ሌላ እንድታስቀምጥ አድርግ ብሎም አስጠነቀቀኝ።

25ኛ መልስ። አስተማሪው ናቸው። ባትሪዋን ቀይረው ሰዓቱ ተስተካክሎላቸዋል፤ ለሁሉም መረቁ። እኔን ደግሞ ከአባቴ ፎቶ አንድ እንኳ ከተገኘ እንድነግራቸው ጠየቁኝ።

26ኛ መልስ። የእኔ፣ ትናንት የጻፍኩት። ፎቶሬክን ማታ አስነስቼ ሱቁን ዘጋሁ። ጠዋት ስመለስ በሺህ የሚቆጠር ፋይል አውጥታለች። ስም የላቸውም፤ ኤፍ ከሚል ፊደል ጀርባ ቁጥር ብቻ ነው። አብዛኛው የብሮውዘር ትናንሽ ምስልና የደንበኞች ጉርድ ፎቶ ነው። ከእህቴ ጋር ተቀምጠን አንድ በአንድ አየን። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ አንዱን ስከፍት አባባ ወጣ። ነጭ ጋቢውን ደርቦ፣ በረንዳ ላይ፣ ዓይኑን ከፀሐይ ጨፈን አድርጎ። ከደረቱ በታች ያለው ግራጫ ነው፤ ተደምስሷል። ፊቱ ግን ሙሉ ነው። ሁለት ቦታ ቅጂ አስቀምጠናል፤ አንዱን አትመን ከኮምፒውተሩ በላይ ሰቅለነዋል።